ኢንሱሊን ከሰላጣ ቅጠል?

በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ካለ የዚህን መድኃኒት ጣጣ ታውቁታላችሁ። በመርፌ እንጂ በአፍ አይወሰድም። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣ ለሌለው ወይም መብራት ለሚጠፋበት ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ "ኢንሱሊን በሰላጣ ቅጠል ሊመረት ነው" የሚል ወሬ ሲሰማ ብዙዎች ተስፋ ቢያደርጉ አይገርምም። ለመሆኑ ነገሩ እውነት ነው? የትስ ደርሷል?

ክሎሮፕላስት ምንድን ነው?

የጎመንና የሰላጣ ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው በሴሎቹ ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ ደቃቅ ክፍሎች ስላሉ ነው። እነዚህ ክፍሎች በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከውኃና ከአየር ለተክሉ ምግብ ያዘጋጃሉ። የቅጠሉ ወጥ ቤት ብንላቸው አልተሳሳትንም።

ክሎሮፕላስት የራሱ ዘረ መል ማለትም ጂን አለው። በሴሉ አስኳል ውስጥ አንድ ጂን ብዙውን ጊዜ በ2 ቅጂ ብቻ ይገኛል። የክሎሮፕላስት ጂን ግን በአንድ የቅጠል ሴል ውስጥ እስከ 10,000 ቅጂ ሊኖረው ይችላል። የመድኃኒት ጂን እዚያ ቢገባ ትእዛዙ በሺዎች በሚቆጠር ቦታ ይነበባል፤ የሚመረተው ፕሮቲንም በዚያው መጠን ይበዛል።

ጂኑ የሚገባው እንዴት ነው? እንደ ወርቅ ያሉ በጣም ደቃቅ የብረታ ብረት ቅንጣቶች በጂኑ ይለበጡና በጋዝ ግፊት ወደ ቅጠሉ ይተኮሳሉ። ጂኑን የተቀበሉት ሴሎች ተለይተው ሙሉ ተክል እስኪሆኑ ድረስ በቤተ ሙከራ ያድጋሉ። ይህ በአልጌ እ.ኤ.አ. በ1988፣ በትምባሆ ደግሞ በ1990 ተሳክቷል። ሌላም ጥቅም አለው፤ በአብዛኞቹ ሰብሎች ክሎሮፕላስት በአበባ ብናኝ ስለማይተላለፍ የገባው ጂን ወደ ጎረቤት ማሳ የመዛመት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ከቆሽት ወደ ቅጠል

የመጀመሪያው ታማሚ ኢንሱሊን የተወጋው እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መድኃኒቱ ይወጣ የነበረው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነው፤ ይህም ለሙስሊም ታማሚዎች ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ባክቴሪያ የሚያመርተውን የሰው ኢንሱሊን ፈቀደች። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ኢንሱሊን ባብዛኛው በባክቴሪያ ወይም በእርሾ የሚመረት ነው።

በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሄንሪ ዳንኤልና ባልደረቦቻቸው ደግሞ የሰውን የኢንሱሊን ጂን በሰላጣ ክሎሮፕላስት ውስጥ አስገብተዋል። ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ብንውጠው ጨጓራ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። በቅጠል ሴል ውስጥ ያለው ግን የሴሉ ጠንካራ ግድግዳ ከጨጓራ አሲድ ይጠብቀዋል። አንጀት ሲደርስ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግድግዳውን ያፈርሱታል፤ መድኃኒቱም ወደ ደም ይገባል። ቅጠሉ ደርቆ ስለሚፈጭ ያለ ማቀዝቀዣ ሊቀመጥ እንደሚችል ተስፋ ተጥሎበታል። በስኳር በታመሙ አይጦች ላይ ሲሞከርም የደም ስኳራቸውን ቀንሷል።

ልብ በሉ!

አይጥ ሰው አይደለም። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ከቅጠል የተሠራ የኢንሱሊን ክኒን ለታማሚዎች አልተፈቀደም። በሰው ላይ መሞከር፣ በእያንዳንዱ ክኒን ውስጥ ያለው መጠንም እኩል መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ኢንሱሊን ሲበዛ ስኳርን ከልክ በላይ አውርዶ ራስን ያስታል፤ ሲያንስ ደግሞ አይሠራም። ከገበያ የምንገዛው ሰላጣ ለጤና መልካም ነው፤ የሰው ኢንሱሊን ግን የለበትም።

ስለዚህ ማንም ታማሚ ይህን ሰምቶ ወይም "የቅጠል መድኃኒት አለ" ተብሎ መርፌውን እንዳያቋርጥ አደራ እንላለን። በተለይ ቆሽቱ ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመነጭ ሰው መርፌውን ቢያቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከባድ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመምና ፈጣን አተነፋፈስ ከታየበት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ማቀዝቀዣ የሌላችሁ ደግሞ ብልቃጡን ከፀሐይና ከምድጃ አርቁ፤ እርጥብ አሸዋ ባለበት የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ውኃ እንዳይነካው አድርጋችሁ ጥላ ሥር አኑሩት። በረዶ ከሠራ አትጠቀሙበት። የተከፈተው ለስንት ቀን እንደሚያገለግል፣ ባብዛኛው 4 ሳምንት ያህል ነው፣ የመድኃኒት ባለሙያችሁን ጠይቁ።

የቅጠሉ ኢንሱሊን ኢንሻ አላህ አንድ ቀን ይደርስልን ይሆናል። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን በአግባቡ እንያዝ።