የሞተር መለዋወጫ መግጠሚያ መመሪያዎችና የሙያ ቃላት ምርጫ

ከሞተር መለዋወጫ ጋር ታሽጎ የሚመጣ የመግጠሚያ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲተረጐም፣ አንባቢው ሁልጊዜ የጋራዥ መካኒክ አይደለም። በግቢው ውስጥ አንድ የካንዴላ መፍቻና ጥቂት የእጅ መሣሪያ ይዞ አሮጌውን ዕቃ በአዲስ የሚተካ ባለመኪናም ሊሆን ይችላል። መካኒኩ የቃሉን ጉድለት በልምዱ ያሟላል፤ ባለመኪናው ግን መመሪያው ከሚለው ሌላ የሚይዘው የለውም። ስለሆነም ካንዴላ መለወጥን በዋና ምሳሌነት ወስደን፣ በዚህ መስክ የስያሜ ምርጫ በምን መመራት እንደሚገባው ለማሳየት እንሞክራለን።

1. ነባር ቃላት

«ካንዴላ»፣ «ቴስታታ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ሮንዴላ»፣ «ካቻቢቴ» የተባሉት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ቃላት መስፋፋት ዐቢይ ምክንያት ሆኗል። «ካንዴላ» በምንጭ ቋንቋው ሻማንም የሞተሩን ዕቃም ያመለክታል። በአማርኛ ግን ለመጀመሪያው ፍች «ሻማ» ስላለ፣ የተያዘው ሁለተኛው ፍች ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ በእኛ ዘንድ ከምንጩ ይልቅ የጠራ ሙያዊ ስያሜ ሆኗል ማለት ይቻላል። በአንጻሩ «ቴስታታ»ን «የሲሊንደር ራስ» ብሎ መተርጐም ለጆሮ አገርኛ ቢመስልም፣ ባለመኪናው በመለዋወጫ መደብር ቢጠይቅበት የሚግባባበት አይሆንም።

2. «አጥብቅ» የሚለው ትእዛዝ

ከስሞቹ ይልቅ የሚያስቸግሩት ግሶቹ ናቸው። «ማጥበቅ» መጠንን አይገልጽም፤ ካንዴላ ሲገጠም ግን ዋናው ነገር መጠኑ ነው። የካንዴላ መቀመጫ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ጠፍጣፋ ሆኖ ሮንዴላ ያለው፣ ሁለተኛው ሾጣጣ ሆኖ ሮንዴላ የሌለው። የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ መፍቻ ለሌለው ሰው አምራቾች ምክሩን በዙር ይሰጣሉ። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴላው መቀመጫውን እስኪነካ በእጅ ይዞራል። ከዚያም በመፍቻ፣ ባለ14 ሚሊሜትር አዲስ ባለሮንዴላ ከሆነ ከ1/2 እስከ 2/3 ዙር፣ ባለሾጣጣ ከሆነ ግን 1/16 ዙር ያህል ብቻ ይጨመርለታል። የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሮንዴላው ተጨፍልቆ ክፍተቱን መድፈን አለበት፤ በሾጣጣው ግን ብረት ከብረት ወዲያው ይገጥማል።

እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቢያንስ ስምንት እጥፍ ነው። ተርጓሚው ለሁለቱም «በደንብ አጥብቅ» ብሎ ቢያልፍ፣ ባለሾጣጣው ካንዴላ የአሉሚኒየሙን ቴስታታ ጥርስ ሊበላው ይችላል። ባለሮንዴላው ደግሞ ላልቶ ከቀረ፣ ሙቀቱን ለቴስታታው በሚገባ ስለማያስተላልፍ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ሞተሩም ሊጎዳ ይችላል።

3. «ኦሪጅናል»ና «ፎርጅድ»

መኪናውን ከሠራው ድርጅት ውጭ በሌላ አምራች ስም የሚሸጠውን መለዋወጫ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ወስዶ «ድኅረ ገበያ» ማለት ስሜት አይሰጥም። «የውጭ መለዋወጫ» ቢባልም ከውጭ አገር የመጣ ያስመስለዋል። በንግግር «ኦሪጅናል» ያልሆነውን በጅምላ «ፎርጅድ» ማለት ደግሞ ሕጋዊውን ምርት ከሐሰተኛው ጋር ይደባልቃል። ከዚህም የከፋ አደጋ አለ። በእንግሊዝኛ «ፎርጅድ ፒስተን» የሚባለው በመቀጥቀጥ የተሠራ፣ በማቅለጥ ከተሠራው ይልቅ ጠንካራ የሆነ ፒስተን ነው። ስያሜው እንዳለ በፊደል ቢገለበጥ፣ ገዢው የተሻለውን ዕቃ ሐሰተኛ ነው ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

4. የቀረቡ ሐሳቦች

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት የሚከተሉትን ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች እናቀርባለን።

ሀ. በጋራዥና በመደብር የተለመደው ቃል፣ ባዕድ ቢሆንም፣ በዋና ቃልነት ይያዝ፤ አዲሱ ስያሜ በማብራሪያ ይግባ።

ለ. «ባለሮንዴላ ካንዴላ» እና «ባለሾጣጣ ካንዴላ» በሁለት የተለያዩ ቃልነት ይመዝገቡ።

ሐ. «አጥብቅ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር የዙሩ ወይም የኃይሉ መጠን ሁልጊዜ ይጻፍ፤ «በደንብ»፣ «በኃይል» ከመሳሰሉት ቃላት እንቆጠብ።

መ. «የሌላ አምራች መለዋወጫ»፣ «ሐሰተኛ መለዋወጫ» እና «ቅጥቅጥ ፒስተን» የሚሉት ስያሜዎች ተለይተው ይሠራባቸው።

የሙያ ቃል መመዘኛው ውበቱ ወይም አገርኛነቱ ብቻ ሊሆን አይገባም። መፍቻ የያዘው እጅ በትክክለኛው ቦታ እንዲቆም ማድረግ መቻሉ ጭምር ነው።