ሥዕሉ እንዲያስተምር

ፕሮጀክተሩ ይበራል፤ ስላይዱ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ ተሞልቷል፤ መምህሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያንኑ ጽሑፍ ቃል በቃል ያነባሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይህን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ተማሪው በዓይኑም በጆሮውም ስለሚቀበል ትምህርቱ በእጥፍ የሚገባው ይመስላል። ምርምር የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው።

በአሜሪካ በሳንታ ባርባራው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆኑት ሪቻርድ ሜየር ይህን ለዓመታት ሲፈትኑ ኖረዋል። ደጋግመው የተጠቀሙበት ርዕስ የመብረቅ አፈጣጠር ነው። እርጥበት ያዘለ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፤ በደመናው ውስጥ የውሃ ጠብታና የበረዶ ቅንጣት ሲጋጩ ቻርጅ ይፈጠራል፤ አሉታዊው ቻርጅ ወደ ደመናው ግርጌ ይከማቻል። ይህን የሚያሳይ 140 ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ አኒሜሽን ተዘጋጀ። ከፊሎቹ ተማሪዎች አኒሜሽኑን በድምፅ ማብራሪያ ብቻ ተከታተሉ፤ ለሌሎቹ ያው ማብራሪያ በጽሑፍም ተጨመረላቸው። ቀጥሎ «የመብረቁን ኃይል ለመቀነስ ምን ማድረግ ይቻላል?» የሚል ዓይነት፣ በሽምደዳ የማይመለስ ጥያቄ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት መሠረት ጽሑፍ የተጨመረላቸው ዝቅ ያለ ነጥብ አመጡ። ትምህርቱን ለማጣፈጥ ተብሎ መብረቅ ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ማስገባትም ጎዳ እንጂ አልጠቀመም።

ምክንያቱ አእምሯችን ለአፍታ የሚይዘው ነገር ጥቂት መሆኑ ነው። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለን ፔቪዮ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ ቃልና ሥዕል በሁለት የተለያዩ መንገዶች እንደሚስተናገዱ አስረድተዋል። ንግግር በጆሮ፣ ሥዕል በዓይን ሲገባ ሁለቱ ይተጋገዛሉ። ጽሑፍ ግን የሚገባው በዓይን ነው፤ ስለዚህ ከሥዕሉ ጋር ይሻማል። ተማሪው መስመሩን ሲያነብ ደመናው ያመልጠዋል፤ ደመናውን ሲያይ መስመሩ።

ሜየር ከተመራማሪው ፖል ቻንድለር ጋር የሠሩት ሌላ ሙከራ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው በጣም ቅርብ ነው። ያንኑ የመብረቅ አኒሜሽን 16 ቦታ ቆራርጠው፣ ተማሪው ራሱ አንድ ቁልፍ እየተጫነ ወደ ቀጣዩ እንዲያልፍ አደረጉ። ይዘቱ ምንም አልተለወጠም፤ የማሰብ ጥያቄዎቹ ውጤት ግን ተሻሻለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የተከታተለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ የላቦራቶሪ ዕቃ በሌለበት ክፍል ሙከራ ያሳይ ነበር። ነገር ግን በሳተላይት ይተላለፍ ስለነበር ማንም ሊያቆመው ወይም ሊመልሰው አይችልም ነበር። መምህሩ «ቆይ፣ እዚህ ጋ እንደገና እንየው» የማለት ሥልጣኑን አጣ። እኔ ከስክሪኑ ጥራት ይልቅ ይህ ሥልጣን ይበልጥብኛል።

ዛሬ ሥልጣኑን ለተማሪው የሚመልሱ መሣሪያዎች አሉ። የእ.ኤ.አ. 2001 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ፌት በነፃ የሚገኝ የሲሙሌሽን ስብስብ ነው፤ አውርደው ያለ ኢንተርኔትም ይጠቀሙበታል። በኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱ ሲሙሌሽን ተማሪው ባትሪና አምፖል ሲያገናኝ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሲንቀሳቀሱ ያያል፤ እውነተኛ ሽቦ ይህን ከቶ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሲሙሌሽኑ የተለማመዱት በእውነተኛ ዕቃ ከተለማመዱት ይልቅ ጽንሰ ሐሳቡን የበለጠ ተረድተው፣ እውነተኛ ሰርኪዩት በመገጣጠምም በልጠው ተገኝተዋል።

ኮምፒውተር የሌለው መምህርም ባዶ እጁን አይደለም። ተመራማሪው ሎጋን ፊዮሬላና ሜየር የዶፕለርን ክስተት (የድምፅ ምንጭ ሲቀርብና ሲርቅ ድምፁ ተለውጦ የሚሰማበትን) ሲያስተምሩ፣ አንዱን ቡድን ተሠርቶ ያለቀ ሥዕል፣ ሌላውን ደግሞ መምህሩ እያስረዳ በእጁ ሲሥለው አሳዩ። ሲሣል ያዩት የተሻለ ተረዱ፤ በተለይም ስለ ርዕሱ ቀድመው እምብዛም የማያውቁት።