ረቂቁ ስዊች

ሊቃውንት ፍጥረትን ግዙፍና ረቂቅ ብለው በሁለት ሲከፍሉ ነገሩ የጉባኤ ቤት ትምህርት ብቻ ይመስላል፤ በዳታ ሴንተር ውስጥ ሲሠራ የሚውል ሰው ግን ሁለቱንም በአንድ መደርደሪያ ላይ ያገኛቸዋል። ግዙፉ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሌት ተቀን የሚያጓራው ሰርቨር ነው፤ ረቂቁ ደግሞ በዚያው ሰርቨር ውስጥ አንዳንዴ ሠላሳና አርባ ሆኖ የሚኖረው፥ አካል ሳይኖረው የአካልን ሥራ ሁሉ የሚሠራው ቨርቹዋል ማሽን ነው።

ይህ ረቂቅ ማሽን ከባልንጀሮቹ ጋር ለመነጋገር የኔትወርክ ካርድ ይሻልና እንደ እርሱው ረቂቅ የሆነ ካርድ ይሰጠዋል፤ በቪኤምዌር ቤት የተወለደ እንደ ሆነ የካርዱ አድራሻ ብዙውን ጊዜ በ00:50:56 ስለሚጀምር ዘሩ ከዚያ ይታወቃል። ካርድ ካለ መሰኪያ ስዊች ያስፈልጋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የተቋቋመው ይኸው ቪኤምዌር የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ አስቀድሞ ያበጀው ስዊች በየሰርቨሩ ለብቻው የሚቆም ነበር። ሰርቨሩ ሁለት ወይም ሦስት ሲሆን ይህ አያስቸግርም፤ ሃያ ሲሆን ግን አስተዳዳሪው አንዱን ድንጋጌ ሃያ ጊዜ መጻፍ ግድ ይሆንበታል፥ በመጨረሻው ላይ ደክሞት ከስሙ አንዲት ፊደል ቢያሳስትም ማሽኑ ሥራውን ሳያቋርጥ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሻገርበት ቪሞሽን የተባለው ጉዞ እዚያ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

በ2009 ቪስፊር 4 ከተባለው የኩባንያው ሶፍትዌር ጋር የወጣው፥ ባለሙያዎች ዲስትሪቢዩትድ ስዊች የሚሉት ሥርዓት ይህን ድካም ያቀለለው ሥልጣንን ከሥራ በመለየት ነው። ሥልጣኑ፥ ማለት ድንጋጌ የሚወጣበት መንበር፥ ቪሴንተር በተባለው አስተዳዳሪ ዘንድ አንድ ነው፤ ሥራው፥ ማለት ፓኬት ተቀብሎ ማሳለፉ፥ የድንጋጌውን ቅጂ በያዘው በእያንዳንዱ ሰርቨር ውስጥ ይፈጸማል። ስለዚህ ቪሴንተር ቢወድቅ እንኳ ማሽኖቹ ሲነጋገሩ ይውላሉ፥ የሚቋረጠው አዲስ ትእዛዝ ነው። ስዊቹ አንድ ነው ሲባል ሰርቨሮቹን ያለ ኬብል የሚያገናኝ የሚመስለው ጀማሪ ብዙ ነው፤ ፓኬቱ ግን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲሄድ ዞሮ ዞሮ በኬብሉና በግዙፉ ስዊች በኩል ማለፉ አይቀርም።

ንድፍ አውጪው እንግዲህ በየሰርቨሩ ቢያንስ ሁለት ኬብል አውጥቶ ወደ ሁለት የተለያዩ ግዙፋን ስዊቾች ይሰድዳል፤ ከዚያም ለአስተዳደሩ፥ ለቪሞሽን፥ ለስቶሬጁና ለማሽኖቹ ለየራሳቸው ፖርት ግሩፕ የሚባል የፖርቶች ስብስብ ከፍሎ፥ አንዱን ትራፊክ ከሌላው ከሚለየው፥ ከ1 እስከ 4094 ካለው የቪላን ቁጥር ያድላቸዋል። ጭነቱን በሁለቱ ኬብሎች ላይ ማከፋፈል ዘዴው ብዙ ነው፤ እኔ የምመርጠው በየ30 ሴኮንዱ ጭነቱን መርምሮ 75 በመቶ ካለፈው ኬብል ላይ ማሽን ወደ ሌላው የሚያዛውረውን ነው። ለየክፍሉ የሚሰጠው የድርሻ መጠን ደግሞ እንደ መስኖ ተራ ነው፥ ውኃው ሲትረፈረፍ ማንም ተራ አይጠይቅም፥ ሲያንስ ግን ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይቆማል።

ጭንቁ የሚመጣው ቪሴንተር ራሱ ቨርቹዋል ማሽን ሆኖ በሚያዝዘው ስዊች ላይ ሲሰካ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ስቶሬጁ ተበላሽቶ ቪሴንተሩ ጠፋና ከባክአፕ አስነሣነው፤ ተነሣ፥ ካርዱ ግን ከፖርት ጋር አልገናኝ አለ፥ ፖርት የሚሰጠው ቪሴንተር ነውና፥ ያም ቪሴንተር እርሱ ራሱ ነውና። ፊት ለፊታችን ሙሉ ማሽን እየሠራ ማንም ሊደርስበት አልቻለም። እኩለ ሌሊት ሲሆን ከሰርቨሩ ሁለት ኬብሎች አንዱን ከዲስትሪቢዩትዱ ነጥቀን፥ በዚያ ላይ የቀድሞውን ዓይነት ተራ ስዊች አቁመን፥ ቪሴንተሩን እዚያ ሰክተን አዳንነው።

ከዚያ ወዲህ በማወጣው ንድፍ ሁሉ ለዚህ ማሽን በተመደበው ቪላን ላይ ኢፌመራል የሚባል፥ ሰርቨሩ ቪሴንተርን ሳይጠይቅ ራሱ ፖርት የሚሰጥበት አንድ ፖርት ግሩፕ አኖራለሁ። ማሽን ሳይገባበት ባዶውን ይቆማል፤ ወጣት ባልደረቦቼም ትርፉን ሊያጸዱ በተነሡ ቁጥር መጀመሪያ «ይኼን እንሰርዘው?» ብለው የሚጠይቁኝ ስለ እርሱ ነው።