መኪና ስለ ጣለው ብስክሌተኛ

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ምድሯ ሜዳ ስለ ሆነ ብዙ ሰዎች በብስክሌት ይሄዳሉ።

አንድ ልጅ በማለዳ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ መኪና ከኋላው መጥቶ ገጨውና ጣለው። ሰዎችም ተሰበሰቡ። ልጁ ግን ስላዩት አፈረ፤ ፈጥኖ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና «ምንም አልሆንሁም» አለ። ባለመኪናውም ይህን ሰምቶ ሄደ። በመሸ ጊዜ ልጁን ራሱን አመመው፤ ደጋግሞም አስመለሰው። እናቱ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ልጁ ዳነ፤ ነገር ግን የመኪናውን ቁጥር የያዘ ሰው አልነበረምና እናቱ የጆሮዋን ወርቅ ሸጣ ለሕክምናው ከፈለች።

ልጁ ሊዋሽ አልፈለገም፤ ነገር ግን ገና ያላወቀውን ነገር እንዳወቀ አድርጎ ተናገረ። ሰው በደነገጠ ጊዜ ድንጋጤው ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል። አጥንቱ የተሰነጠቀ ሰው እንኳ ተነሥቶ ሊራመድ ይችላል። በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደምም ቀስ በቀስ ስለሚጠራቀም፥ ምልክቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ መኪና የጣለው ሰው እንዲህ ያድርግ።

አንደኛ፥ ቸኩሎ አይነሣ። እጁና እግሩ የሚታዘዙለት ከሆነ ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ዳር ይውጣ። አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው ግን እንደ ተኛ ይቆይ፤ ሰዎችም መኪናዎችን ያስቁሙለት እንጂ አያንሡት። የሚደማ ቁስል ቢኖር በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ይያዙለት።

ሁለተኛ፥ ስልክ ያለው ሰው በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ፥ በ991 ፖሊስን ይጥራ።

ሦስተኛ፥ የመኪናው የሰሌዳ ቁጥር፥ የነጂው ስምና ያዩ ሰዎች ስም በደብተር ይጻፍ። በኢትዮጵያ ባለመኪና ሁሉ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን እንዲገባ በ2005 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ታዟል። የመኪናው ቁጥር ከጠፋ ግን ካሣውን ማግኘት ይቸግራል።

አራተኛ፥ ሕመም ባይሰማውም ሐኪም ይየው፤ የሆነውንም ሁሉ ለወላጆቹ ይንገር። ራስ ምታቱ ቢጠና፥ ቢያስመልሰው፥ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ቢይዘው ወይም ንግግሩ ቢዘበራረቅ፥ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ነጂውን መስደብ ቁስልን አያድንም፤ ማፈርም ሕመምን አያርቅም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደ ተባለ፥ በችኮላ የተነገረ ቃል ብዙ ያስከፍላል። እንግዲህ የወደቀ ልጅ «ምንም አልሆንሁም» ከማለት ይልቅ «ገና አላወቅሁም፤ ሐኪም ይየኝ» ቢል ይሻለዋል። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ እውነትን መናገር ነው።