ሁሉም ወፍ ግሪሳ አይደለም
ቴሌፎቶ ሌንስ ለሰብል ጥበቃ የሚሰጠው አገልግሎት

የማሽላው ራስ ወተት መያዝ ሲጀምር በኮምቦልቻ ዙሪያ በሚገኙት የቃሉ ወረዳ ቆላማ ማሳዎች ማማ ይቆማል፤ ወንጭፍ ይዘጋጃል። ልጅ አዋቂ ሳይባል ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ወፍ ሲጠበቅ ይዋላል። ይሁን እንጂ ከማሳው ላይ የሚያንዣብበው ወፍ ሁሉ የእህል ጠላት አለመሆኑን መገንዘብ ያሻል። አጥፊውን ከረዳቱ ለመለየት ደግሞ ወፉን ሳያስደነግጡ ከሩቅ አቅርቦ ማየት ያስፈልጋል። የዱር አዕዋፍን ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚያገለግለው ቴሌፎቶ ሌንስ ለሰብል ጥበቃ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

በምሥራቅ አማራ ቆላዎች በይበልጥ የሚፈራው ወፍ ግሪሳ ነው። የአንዱ ግሪሳ ክብደት 20 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በቀን እስከ 10 ግራም የሚደርስ ጥሬ ይበላል። በመሆኑም አንድ ሚሊዮን ግሪሳ የሰፈረበት አካባቢ፣ ወፉ ከሣር ፍሬ ይልቅ በእህል ላይ ካተኮረ፣ በቀን 100 ኩንታል ያህል ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

መንጋው ከወንጭፍና ከጩኸት አቅም በላይ ሲሆን ማደሪያው ላይ ኬሚካል ከአውሮፕላን ይረጫል። ለዚህ ተግባር በምሥራቅ አፍሪካ ሲሠራበት የኖረው ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት ግን ወፍ አይመርጥም። ከግሪሳው ጋር ያደረውን ሌላ ወፍ ሁሉ ይፈጃል። በማግስቱ የሞተውን ግሪሳ የሚለቅሙት ጭልፊቶችና ጉጉቶችም ይመረዛሉ። ጉጉት ሲያልቅ አይጥ እንደሚበዛ ገበሬው ያውቀዋል። ስለዚህ ከርጭቱ በፊት በማደሪያው ያለው ወፍ ምንና ስንት እንደሆነ በማስረጃ መታወቅ ይኖርበታል።

ሌንሱ እንዴት ይሠራል?

50 ሚሊ ሜትር የሆነው የተለመደ ሌንስ ነገሩን በዓይን እንደሚታየው ያህል ያሳያል። 400 ሚሊ ሜትር የሆነው ቴሌፎቶ ከዚህ 8 እጥፍ አጉልቶ ያቀርባል። በ40 ሜትር ርቀት ላይ ያረፈ ወፍ በ5 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ይሁንና የእጅ መንቀጥቀጡም በዚያው መጠን ስለሚጎላ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ፣ ይህ ከሌለ በማማው እንጨት ወይም አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ ማስደገፍ ይገባል። ላረፈ ወፍ የሰከንድ 1/500ኛ፣ ለሚበር ወፍ 1/1000ኛና ከዚያም የፈጠነ ፍጥነት ይመረጣል። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ፣ እንዲሁም ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መሥራት ይበጃል። በእኩለ ቀን ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ከተነሣው ፎቶግራፍ በመጀመሪያ የሚታየው መንቆሩ ነው። ተባዕቱ ግሪሳ በእርባታ ወቅት ፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጥቁረቱ ጠፍቶ ድንቢጥ ይመስላል፤ መንቆሩ ግን ቀይ እንደሆነ ይቀራል። የእንስቷ መንቆር በእርባታ ወቅት ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ብዛቱን ለመገመት ደግሞ ፎቶግራፉን በእኩል አራት ማዕዘኖች ከፍሎ፣ የጥቂቶቹን ቆጥሮ አማካዩን በጠቅላላው ማባዛት ነው።

የገበሬው ረዳቶች

ከከብት ኋላ እየተከተሉ ፌንጣ የሚለቅሙት ነጫጭ ወፎች በዚሁ ሌንስ ይለያሉ። የአውሮፓን ክረምት ሽሽት ወደ አፍሪካ የሚመጣው ሽመላም አንበጣና ፌንጣ ይበላል። የአንበጣ መንጋ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ወሎ ማሳዎች ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለሚያስታውስ ገበሬ የእነዚህ ወፎች ዋጋ ግልጽ ነው። ከሽመላዎቹ አንዳንዶቹ በእግራቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አላቸው። ጥሩ ሌንስ ቁጥሩን ወፉ ሳይያዝ ያነበዋል፤ በቁጥሩም ቀለበቱ የታሰረበት አገር ይታወቃል።

ሌንሱ ውድ በመሆኑ በየቀበሌው ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም። ሆኖም የእጅ ስልክን ካሜራ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር መመልከቻ ላይ በማስጠጋት መንቆር የሚለይበት ፎቶግራፍ ማንሳት ይቻላል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ዳርቻና የቦርከና ወንዝ አካባቢ ለመለማመጃ ይመቻሉ።

አንሺው ወደ ጎጆ ከመጠጋትና የሚጋርደውን ቅርንጫፍ ከመቁረጥ መቆጠብ አለበት፤ የተደናገጠች እናት እንቁላሏን ጥላ ልትሄድ ትችላለችና። አመሻሽ ላይ መንጋው የሚያመራበትን አቅጣጫ ተከትሎ ማደሪያውን ከሩቅ ማንሳት፣ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የወፉን ግምታዊ ቁጥር መጻፍ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማድረስ ይገባል። ማሽላው እሸት ሆኖ ሳለ የደረሰ አንድ ግልጽ ፎቶግራፍ ርጭቱ በትክክለኛው ማደሪያ ላይ እንዲውል ይረዳል፤ ግሪሳ ከሌለበት ደግሞ ያለአግባብ እንዳይረጭ ያደርጋል።