ከቄራ የተረፈችው ሠዓሊ

«አባዬ፣ አሳማ ሥዕል ትሥላለች!» አለች የአክስቴ ልጅ ትንሽ ሴት ልጅ ስልኩን እያሳየች። ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ካትሌሆንግ፣ ከሱቃቸው ጀርባ ምሳ ቀርበን ነበር። አባቷ «ደግሞ አሳማ!» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን ታሪኩን አውቀው ስለነበር ነገርኳቸው።

የአሳማዋ ስም ፒግካሶ ነው። በእንግሊዝኛ አሳማ «ፒግ» ስለሚባል፣ ከታዋቂው ሠዓሊ ከፒካሶ ስም ጋር አጋጥመው ያወጡላት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016፣ ገና ትንሽ ሳለች፣ ጆአን ሌፍሰን የተባለች ደቡብ አፍሪካዊት ከቄራ አዳነቻትና በኬፕታውን አቅራቢያ ፍራንሽሁክ ወዳለው የእንስሳት መጠለያዋ ወሰደቻት። ፒግካሶ በጋጣዋ ያገኘችውን ሁሉ ስትበላና ስታበላሽ የቀለም ብሩሾችን ግን ወደደቻቸው። ጆአን ይህን አይታ ብሩሹን በአፏ ይዛ ሸራ ላይ እንድታንቀሳቅስ በምግብ እያባበለች አሠለጠነቻት።

ሸራውንና ቀለሙን የምታዘጋጀው ጆአን ነበረች፤ ብሩሹን የምታንቀሳቅሰው ደግሞ አሳማዋ። ሥዕሉ ሲያልቅ አፍንጫዋን በቀይ ሥር ቀለም ነክራ ታትምበት ነበር፤ ፊርማዋ ይኸው ነበር። በ2018 ሥራዎቿ ኬፕታውን ውስጥ ለዕይታ ቀረቡ። በ2021 ደግሞ አንዱ ሥዕል ለአንድ ጀርመናዊ በ20 ሺህ ፓውንድ ተሸጠ። ገንዘቡ የመጠለያው እንስሳት መኖሪያ ነበር። ፒግካሶ በመጋቢት 2024 በሕመም ሞተች።

«ለምግቡ ብላ ነው እንጂ ምን ገብቷት!» አለ አባትየው። እውነት አለው። አሳማዋ ስለ ውበት ታስብ ነበር ብዬ አልከራከርም። ሆኖም የእንስሳ ቆዳ ለሥዕል ውሎ ያውቃል፤ የእኛም ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ይህች ግን የሠራችው በሕይወት ሆና ነው፤ ሥራዋም ሌሎችን አኖረ።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «መሣል የማይችሉት አሳማዎችስ ይታረዳሉ?» አለችኝ።

«ፒግካሶም ያዳኗት ቀን መሣል አትችልም ነበር» አልኳት።

አባቷ ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን ተቀበላትና ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ጀምሮ አየው። እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ብታዩት፣ ጥያቄውን ለእነሱ ተዉላቸው።