ኮምፒዩተር የሚዘገየው ለምንድን ነው?

አንድ ኮምፒዩተር በአዲስነቱ ፈጥኖ ይፈጽመው የነበረውን ሥራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየዘገየ ሲፈጽም ይታያል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች «አርጅቷል» በማለት ሌላ ለመግዛት ይጣደፋሉ። ይሁን እንጂ ዋናው የማስሊያ ክፍል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ እንደ መኪና ጎማ በአገልግሎት ብዛት እየተበላ የሚሄድ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው የሚሸከመው ሥራ ነው። ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ቢያንስ 64 ሜጋባይት ራም ይበቃው ነበር፤ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን ከ4 ጊጋባይት ያላነሰ፣ ማለትም 64 እጥፍ ይጠይቃል።

ራም የኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ነው። ጥቅሙን ለመረዳት የአንድን ጸሐፊ አሠራር መመልከት ይበቃል። ጸሐፊው የሚሠራባቸውን ወረቀቶች በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ የቀሩትን በመዝገብ ቤት ያኖራል። ጠረጴዛው ሲሞላ ግን አንዱን ለመመለስና ሌላውን ለማምጣት ሲመላለስ ጊዜው ያልፋል። ጠረጴዛው ራም፣ መዝገብ ቤቱ ዲስክ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች በአንድነት ሲከፈቱ ራሙ ይሞላል፤ ኮምፒዩተሩም ወደ ዲስኩ ለመመላለስ ይገደዳል።

የዚህ ምልልስ ዋጋ ከባድ ነው። ከራም አንድ መረጃ ማግኘት አንድ ሴኮንድ ይፈጃል ቢባል፣ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ከሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ማግኘት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል ማለት ነው። የሚሽከረከር አካል ከሌለው ኤስኤስዲ ከተባለው ዲስክ ግን በሩብ ሰዓት ገደማ ይገኛል።

ስለዚህ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። በዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ማናጀር የተባለው መቆጣጠሪያ ከፕሮሰሰሩ፣ ከራሙና ከዲስኩ የትኛው እንደ ተጨናነቀ ያሳያል። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች ማስቆም፣ የሞላውን ዲስክ ማቃለል፣ ኮምፒዩተሩንም አጥፍቶ አቧራውን ማጽዳት ይጠቅማል፤ ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን ሙቀቱ ይጨምራልና ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። «ኮምፒዩተር ያፈጥናል» እየተባለ ከማይታወቅ ምንጭ የሚገኝ ፕሮግራም ግን ቫይረስ ሊያስገባ ስለሚችል መራቅ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ፣ ኮምፒዩተሩ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ፋይሎችን በሌላ ዕቃ ላይ ገልብጦ ራም መጨመር ወይም ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ ይቻላል። ሐኪም በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ የመዘግየቱም ምክንያት ሳይታወቅ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

ጥያቄዎች
1. በምንባቡ ውስጥ ጠረጴዛውና መዝገብ ቤቱ የምን ምሳሌዎች ናቸው?
2. አቧራ ኮምፒዩተርን የሚያዘገየው እንዴት ነው?